በሰባ ሰባት የተረገዙ

ጥቅምት 12

ዛሬም መብራት ጠፋ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። ፍሪዘሩ ውስጥ የአርባ አንድ ሰው ደም ተቀምጧል። ጀማለዲን የጄነሬተሩን ገመድ ሲጎትት ሲጎትት መዳፉ ተላጠ።

«ሰብሪና፣ ይሄ ጄነሬተር አንቺ ጋ ቀርቦ መታከም አለበት» አለኝ። የአእምሮ ጤና ነርስነቴን እያሾፈበት ነው። እሱ የላብራቶሪ ሰው ነው፤ በእሱ ቤት በሁሉም ነገር ይቀለዳል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ከጤና ጣቢያው ተውሰውኝ እዚህ ጥናት ውስጥ ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ሲነግሩኝ ቀላል ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ የተረገዙ ሰዎችን ፈልጊ፤ አሁን አርባ ዓመት ገደማ ናቸው። ከእነሱ በኋላ በደህና ዓመት የተወለዱ እህት ወንድሞቻቸውንም ፈልጊ። እናቶቹን ጠይቂ፣ ከልጆቹ ደም ይቀዳ። አእምሮው የታመመው የትኛው ነው? ረሃቡ ሰውነታቸው ላይ የተወው ምልክት አለ ወይ? በቃ፣ ይኸው።

ይኸው!

ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ፦ «በእርግዝናዎ በስንተኛው ወር የምግብ እጥረት አጋጠመዎት?» ማን ነው ይህን የጻፈው? ዛሬ እማማ ፋጡሜን ጠየቅኳቸው። ሴት ልጃቸው ከታመመች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። ትክ ብለው አዩኝና፣

«ሂንቤኩ። አላውቅም ልጄ። ያኔ ወር የሚባል ነገር ነበር እንዴ? በራ ቤላ ነበር፣ የረሃብ ዘመን። አለቀ።»

ለእሳቸው አለቀ። እኔ ግን ቁጥር መሙላት አለብኝ። ባዶ ከተውኩት አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር አይቀበለኝም።

ጥቅምት 15

ዶክተር ሪድዋን ከአዲስ አበባ ደወለ። የጥናቱ ኃላፊ እሱ ነው። እስካሁን እኛ ያለንባትን ከሚሴን ያያት አንድ ቀን፣ ያውም ግማሽ ቀን።

«ሲስተር ሰብሪና፣ ኤፒጄኔቲክስ ምን እንደሆነ በቀላል አማርኛ አስረጂያቸው።»

በቀላል አማርኛ! እስቲ አንተ አስረዳ... አላልኩም። «እሺ ዶክተር» አልኩ። ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው።

ከሰዓት በኋላ ጨፋ ሮቢት፣ እህል ገበያው ዳር። እናታቸውን ልጠይቅ ሄጄ አንድ ገበሬ አፋጠጡኝ። ደም የምትቀዱት ለምንድን ነው? እንዲህ አልኩ፦ ከናት ካባት የሚወረሰው ዘር አይለወጥም። ግን እላዩ ላይ አንዳንዱን የሚያሠራ አንዳንዱን የሚያስተኛ ምልክት አለ። ረሃብ፣ ድንጋጤ፣ ስደት ያንን ምልክት ሊነካው ይችላል። እሱን ነው የምንፈልገው።

«እና እንዲህ አትይም?» አሉኝ። «ማሽላም እኮ እንዲሁ ነው። ዘሩ ያው የአምናው ነው። ዝናቡ በሰዓቱ ሲቀር ይቀጭጫል። ታዲያ ዘሩን ትሰድቢዋለሽ?»

አራት ዓመት የተማርኩትን ገበያ ዳር ቆመው ጨረሱልኝ። ሙሉ በሙሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ከእኔ ግን ይሻላል።

ጥቅምት 20

አክስቴ መድና መጣች። የአባቴ እህት። አባዬ ከሞተ ወዲህ በየወሩ ትመጣለች፣ በየወሩ ያንኑ ትናገራለች።

ሸምሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ታላቅ ወንድሜ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ ታመመ፣ አሁን አርባ ሊሞላው ነው። በወር አንዴ መርፌ ይወጋል፤ ሲሻለው ግቢውን ይጠርጋል፣ ሲብስበት ከማናየው ሰው ጋር ይከራከራል። ዛሬ ደህና ነበር። ሰምቷታል።

«በእኛ ዘር የለም ወላሂ» አለች መድና። «ከናቱ ወገን የመጣ ነው። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው፣ ምን ይደረጋል።»

እማ ምስር እየለቀመች ነበር፣ መልቀሟን ቀጠለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሰምታ ዝም! አክስቴ ሆይ፣ ዘር ዘር የምትይው... አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከእማ ፊት ከመድና ጋር መጣላት እማን መጉዳት ነው።

እዚህ ልጻፈው፣ ማንም አያየውም። ጥናቱ ውስጥ የገባሁት ለሳይንስ ብዬ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ኒካሕ ሊታሰርልኝ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሰውየው ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። «በዘራቸው እብደት አለ ሲባል ሰምተን ነው።» እሱም እሺ ብሎ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ወረቀት እፈልጋለሁ። ማህተም ያለበት። ከዘር አይደለም የሚል። መድና ፊት ዘርግቼ «አንብቢ» የምልበት።

ህዳር 3

ወረቀት የለም።

ዶክተር ሪድዋንን በስልክ በግልጽ ጠየቅሁት። ጥናቱ ሲያልቅ ለአንድ ቤተሰብ፣ ለምሳሌ ለአንድ ቤተሰብ፣ የእናንተ ልጅ የታመመው በረሃቡ ነው የሚል ውጤት ይሰጣል?

«አይሰጥም። እኛ የምናየው ብዙ ሰው አንድ ላይ ነው። በረሃብ ከተረገዙት ውስጥ ስንቱ ታመመ፣ ምልክቱስ ከወንድሞቻቸው ይለያል ወይ ነው። ስለ አንድ ሰው መናገር አንችልም። ደግሞ ዘርም ድርሻ አለው፤ አካባቢም አለው። አንዱ ሌላውን አያስወጣም።»

«ታዲያ ለሰዎቹ ምን ይጠቅማቸዋል?»

«ለሚመጣው ትውልድ።»

የሚመጣው ትውልድ! ሸምሱ ጥናቱ ውስጥ እንኳ አይገባም፣ የሠራተኛ ቤተሰብ ስለሆነ። ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አቧራ እየበላሁ የሰው ቤት ሳንኳኳ ለማይደርሰኝ ነገር ነው ማለት ነው። ኡፍ። ደክሞኛል።

ህዳር 9

ምን አድርጌ ነው? ምን ብዬ ነው?

እራት ላይ ነው። እማ ከወትሮዋ ውጪ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። «ሰው ሁሉ ሰብሪና ደም ትሰበስባለች ይለኛል። ምንድን ነው የምትፈልጉት?» ደስ አለኝ። ለሌላው እንደማደርገው ወረቀቱን አወጣሁና ርዕሱን አነበብኩላት። «የእናት የእርግዝና ወቅት ሁኔታ በልጅ የአእምሮ ጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት።» ከዚያ አስረዳሁ፣ ማሽላውን ሳይቀር። በሰባ ሰባት የተረገዙ ልጆች ላይ ይበዛል ተብሎ ይታሰባል አልኩ። ያስረዳሁ መስሎኝ ነበር። መድና የምትለው ውሸት ነው፣ ያንቺ ዘር አይደለም ማለቴ ነበር...

እማ የያዘችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችው።

«እንግዲያ እኔ ነኝ በያ።»

«ምኑን እማ?»

«ሸምሱን እንዲህ ያደረግሁት። ወረቀታችሁም አወቀው።»

ተነስታ ገባች።

ህዳር 10

አላናገረችኝም።

ህዳር 11

ዛሬም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ረፋዱን ጨረሰችው። ሸምሱ ሦስት ጊዜ «እማ ምን ሆነች?» አለኝ። ምን ልበለው?

ህዳር 14

ተናገረች። አሁኑኑ ካልጻፍኩት ነገ የሆነ ነገር ይጎድልብኛል።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ስናሰጣ ነበር። ድንገት ጀመረች፣ ሳታየኝ።

«ከሸምሱ በፊት ልጅ ነበረችኝ። አሻ ነው ስሟ።»

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። እህት እንደነበረችኝ ዛሬ ሰማሁ።

አባዬ ያኔ የቀሩትን ከብቶች ይዞ ወደ ቆላ ወርዶ ወሬው ጠፍቶ ነበር። እማ ሃያ ሁለት ዓመቷ። አሻ ሁለት ሊሞላት ነው። እማ የሦስት ወር እርጉዝ። መንደሩ ተነስቶ ወደ ባቲ ሲሄድ እሷም አሻን አዝላ ሄደች። እህል ይሰጣል ስለተባለ። መንገዱን አልነገረችኝም። «መንገዱን ተይው» አለችኝ።

መጠለያው ውስጥ ለእርጉዝ ብስኩት ይሰጡ ነበር። አሻ መዋጥ አቁማ ነበር። ውሃውም ከአፏ ይመለሳል። የምታድለው ሴት አሻን ገልጣ አየቻት።

«ይቺን ተያት አለችኝ። አንቺ ብዪ፣ የሆድሽ ይትረፍ አለችኝ። የልጄን ድርሻም ለእኔው ሰጠችኝ። በላሁት፣ ሰብሪና። አሻ ዓይኗን ገልጣ ነበር። እያየችኝ ነው የበላሁት።»

በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሸምሱ ሰኔ ላይ ተወለደ፣ ዝናቡ ሲመለስ። አባዬ በሕይወት ተገኘ፣ ቤት እንደገና ቆመ፣ እኔ ተወለድኩ። አሻን ያነሳ ሰው የለም። አባዬ «አላህ የሰጠውን ወሰደ፣ አናንሳት» አላት። አላነሷትም።

«ሸምሱ ሲታመም ገባኝ» አለች። «የእህቱን ድርሻ አብልቼው ያደገ ልጅ እንዴት ደህና ይሆናል? መድና ዘር ትላለች። ዝም የምላት ለዚህ ነው። ከእሷ የባሰ የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ያንቺ ወረቀት መጣ።»

አቀፍኳት። ተማርኩ የምለው ሁሉ ጠፋኝ።

ህዳር 15

ቆጠርኩ። ያንን ርዕስ ያነበብኩላቸው እናቶች ስድሳ ሦስት ናቸው።

ስድሳ ሦስት!

ለዶክተር ሪድዋን ደወልኩ። መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ነበር።

«ዶክተር፣ የመረጃ ወረቀቱ ይቀየር። ርዕሱ እናቶቹን ይከሳል።»

«በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ ነው። አንድ ቃል ብንነካ ሳምንታት ወደ ኋላ እንመለሳለን። ‹የእናት ሁኔታ› ማለት እኮ ገለልተኛ ቃል ነው።»

«ለእርስዎ ነው ገለልተኛ። እኔ ስድሳ ሦስት ቤት ገብቼ ልጅሽን ያሳመምሽው አንቺ ነሽ ብዬ ወጥቻለሁ።»

«እንደዚያ አይልም ወረቀቱ።»

«እንደዚያ ነው የተሰማው! ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የሰሙት እነሱ ናቸው። እርስዎ አልነበሩም!»

ጮኼበታለሁ። ጀማለዲን ከላብራቶሪው ወጥቶ በር ላይ ቆመ። ዶክተሩ «ሲስተር፣ ሥራው ከከበደሽ ሌላ ሰው እንመድባለን» አለኝ።

«ይመድቡ» ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከንዴት ነው። ሌላ ከምንም አይደለም።

ህዳር 17

አዲስ ሰው መጠየቅ አቁሜያለሁ። ደብዳቤ እጠብቃለሁ። እስኪደርስ ግን ያበላሸሁትን እየዞርኩ ላስተካክል። ጀማለዲን «ስድሳ ሦስቱንም? በእግርሽ?» አለኝ። በእግሬ። አብሬሽ እሄዳለሁ ብሎ ተነሳ። መኪና ስለሌለው ለውጥ አያመጣም፣ ግን ተነሳ።

ህዳር 22

አሥራ ሰባት ቤት ደረስን። የምለው አጭር ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በደንብ አልተጻፈም። ረሃቡን ያመጣችሁት እናንተ አይደላችሁም። የልጃችሁ ሕመም ጥፋታችሁ አይደለም። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

አንዷ «ደግሞ ደም ልትወስጂ ነው?» ብላ በር ዘጋችብኝ። ሌላዋ ሳቀች። «እኔ መቼ ሰማሁሽ፣ ዓይኔ ያመጣችሁት ሳሙና ላይ ነበር።» እሰይ! ሁሉም እንዲህ ባልሰሙኝ።

እማማ ፋጡሜ ግን ሰምተውኛል። ስገባ «አካም ጂርታ» ብለው ሰላም እንኳ ሳይሉኝ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ልጃቸው እንዳትሰማ ነው።

«አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በየቀኑ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ» አሉኝ። «ልጄን። እግሯን ይዤ። እሷ ደግሞ ምን እንደምላት አይገባትም፣ ትፈራኛለች።»

ወር ከአሥር ቀን። ወር ከአሥር ቀን ሙሉ ያች ሴት የልጇን እግር ስትይዝ ከርማለች። እኔ ደግሞ ቁጥር ዘጠኝ ባዶ ቀረ ብዬ ስናደድ።

ነገርኳቸው። ደግሜ ነገርኳቸው። «ወላሂ በይ» አሉኝ። ወላሂ አልኩ። መሬት ላይ ተቀመጡ።

ውጪ ስንወጣ ጀማለዲን ፊቱን አዙሮ ይራመድ ነበር። አልቀለደም።

ህዳር 29

ስድሳ አንድ። ሁለቱ ሞተዋል። አንዷ እኔ ካነበብኩላት በሳምንቱ ነው። በሳንባ ምች ነው አሉኝ። በሳንባ ምች ነው... ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ አልረሳውም።

ታኅሣሥ 6

ደብዳቤ ስጠብቅ ሰውየው ራሱ መጣ። ዶክተር ሪድዋን። ሳይነግረኝ። አቧራ የነካው ጫማ፣ አንድ ቦርሳ። ለካ ጀማለዲን ደውሎለታል። የእማማ ፋጡሜን ነገር ነው የነገረው።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። «እናትሽን ማግኘት እችላለሁ?» አለኝ። ለጥናቱ ነው? «ለጥናቱ አይደለም።» እማን ጠየቅኳት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። «ይግባ» አለች።

ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አሻን ነገረችው። ለእኔ ከነገረችኝ የበለጠ ነገረችው። እንግዳ ስለሆነ ይሆን? ብዕር አላወጣም። እስክትጨርስ አንገቱን እንዳቀረቀረ ነበር።

«እናቴ፣ ያን ብስኩት ባይበሉ ኖሮ ሦስታችሁም ትሞቱ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «ማወቅ አይጠቅምም እኮ ልጄ።»

ባለመመለሱ ነው መሰለኝ ያኔ ትንሽ የወደድኩት። ቆይቶ ወረቀቱን ከቦርሳው አወጣ።

«ይህን ርዕስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልጻፈው?»

እማ አሰበች።

«ረሃቡ በሉ። እናት አትበሉ። እኔ አላስራብኩትም፤ እኔም ተርቤ ነበር።»

እሷ ራሷ የተናገረችውን ሰማችው። አየኋት። እጇ አፏ ላይ ሄደ። ከዚያ እንደገና በቀስታ አለችው፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሷ። «እኔም ተርቤ ነበር።»

ታኅሣሥ 21

መድና መጣች። ያንኑ ጀመረች። «ከናቱ ወገን...»

እማ ምስሩን አስቀመጠችው።

«መድና፣ ከእኔም ወገን ይሁን ከእናንተም ወገን አላህ ነው የሚያውቀው። ያን ዓመት ግን አንቺም ነበርሽ። ስንት ቀበርሽ?»

«ሁለት» አለች መድና። ሁለት መቅበሯን እኔ አላውቅም ነበር። ማንም አያወራም፣ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነን? ስትሄድ ሸምሱን ግንባሩን ስማ ሄደች። ስማው አታውቅም።

ጥር 4

አዲሱ ወረቀት ጸድቆ መጣ። «በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የተረገዙ ሰዎች የጤና ጥናት።» ሁለተኛው አንቀጽ ላይ፦ «ረሃቡም ሆነ ሕመሙ የእናቶች ጥፋት አይደለም።» «እየዞርሽ ለእናቶቹ ያልሽውን ነው የጻፍኩት» ብሎኛል ዶክተር ሪድዋን። ቁጥር ዘጠኝም ተቀይሯል፤ አሁን «ያስታውሳሉ ወይ?» የሚል ሳጥን አለው። የእኔን ስም ግን «ሳብሪን» ብለው ጽፈውታል። አንድ ነገር እንኳ በሙሉ ልክ አይሠሩም!

ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። መብራት የለም።

ሰኞ፣ ጥር 19

ባቲ ሄደን መጣን። እማ፣ ሸምሱና እኔ። የእማ ሐሳብ ነው። የአሻን ነገር ለሸምሱ ከሦስት ቀን በፊት ራሷ ነገረችው። ተነስቶ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

መንገዱ አድካሚ ነው። ኮምቦልቻ ላይ መኪና ስንቀይር ሰው በዛበትና ጆሮውን ይዞ ቆመ። ይመለስ ይሆን ብዬ ፈራሁ። እማ ክንዱን ያዘችው፣ ተሳፈረ። ባቲ ደግሞ ገበያ ቀን። ግመል፣ ፍየል፣ ጩኸት፣ ትርምስ። ዛሬ የመረጥነው ቀን! ማን ነው ሰኞ ያለው? እኔው ነኝ።

መቃብሩን የሚያሳዩን አንድ ሽማግሌ አገኘን። በከዘራቸው ጠቆሙን።

«የሰባ ሰባት ሰዎች ከዚያ ግራር ጀምረው እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ናቸው። የማን የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም ልጄ።»

ሜዳ ነው። ቁጥቋጦና ድንጋይ። ፍየሎች ይግጡበታል። አንድ ምልክት የለ፣ አንድ ጽሑፍ የለ። እንዴት ነው ይህን ያህል ሰው... አንድ ሰሌዳ እንኳ... ሽማግሌው ላይ መጮህ ጀመርኩ፣ ምን አድርገውኝ እንደሆነ እንጃ።

«ዝም በይ ሰብሪና» አለች እማ። «መጣን እኮ።»

ሄዳ ሜዳው መካከል ቆመች። ቦታ አልመረጠችም። ለሁሉም ሰላምታ ሰጠች፣ ዱዓ አደረገች። ከዚያ ሰው ቤት ገብታ እንደምታወራ በተለመደው ድምጿ፣

«አሻዬ፣ ይኸው ወንድምሽን ይዤው መጣሁ። ያኔ ሆዴ ውስጥ የነበረው። በልቼ ያተረፍኩት። ይኸው አርባ ሊሞላው ነው።»

ሸምሱ ወደ እኔ ዞረ።

«ታላቄ ናት?»

«አዎ። በሁለት ዓመት።»

አሰበበት። ቆቡን አስተካከለ፣ ሸሚዙን ወደ ውስጥ ከተተ፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚቀርብ። «አሰላሙ ዓለይኪ፣ እቴ» አለ።

መሬት ላይ ተቀመጠ። እማም አጠገቡ ተቀመጠች። የመጨረሻው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ነው ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ሰዓቴን አየሁ፣ አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዞር ያለልኝ የለም።

እኔም ተቀመጥኩ።